ስለ ጨፌ ውኃና ስለ እንቁራሪት ኑሮ

ለዘንድሮው መጽሔታችን ስለ እንቁራሪት እጽፋለሁ ብዬ ለክፍል ጓደኞቼ በነገርኋቸው ጊዜ ሳቁብኝ። አንዱ «ዝሆን አክላለሁ ብላ የተሰነጠቀችውን ነው?» አለኝ፤ ሌላው ደግሞ ስለ አንበሳ ወይም ስለ ጭላዳ ብትጽፍ ይሻልህ ነበር ሲል መከረኝ። እኔም አልተቀየምኋቸውም። ከሦስት ክረምት በፊት እኔ ራሴ እንቁራሪትን ከድምፅዋ በቀር አላውቃትም ነበር፤ ጉርጥን የነካ ሰው እጁ ኪንታሮት ያወጣል ሲባል የሰማሁትንም አምኜ ከሩቁ እሸሽ ነበር። ይህ ሐሰት መሆኑን የሚጠራጠር ሰው ቢኖር መጥቶ እጄን ማየት ይችላል። አሳቤን የለወጠው በአያቴ መሬት ግርጌ ያለ አንድ ጨፌ ነው። ስለዚህ ጨፌ መድረቅና መመለስ በዓይኔ ያየሁትን፣ ከመምህራችን የሰማሁትንና ከመጻሕፍት የተረዳሁትን አንድ ላይ አድርጌ ለአንባብያን ለማቅረብ እሞክራለሁ።

እንቁራሪት፣ ጉርጥና እነርሱን የመሳሰሉት እንስሳት በሥነ ሕይወት ትምህርት እንቁራሪት አስተኔ ይባላሉ። ፈረንጆች አምፊቢያን የሚሏቸው ከግሪክ ቋንቋ በተወሰደ ቃል ሲሆን ትርጓሜውም ሁለት ዓይነት ኑሮ ያለው ማለት ነው። ስሙ ለጠባያቸው የተገባ ነው። የእንቁራሪት እንቁላል እንደ ዶሮ እንቁላል ቅርፊት የለውም፤ የሸፈነው ዝልግልግ ነገር ብቻ ስለ ሆነ ፀሐይ ካገኘው ይደርቃል። ስለዚህ እንቁላልዋን በውኃ ውስጥ ወይም በእርጥብ ስፍራ ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው ልጅ እናቱን አይመስልም፤ ጅራት አለው፣ እግር የለውም፣ እንደ ዓሣም በስንጥብ ይተነፍሳል። በትምህርት ቤት ዕጭ የምንለው ይህ ነው። አብዛኛው ዕጭ በድንጋይና በሣር ላይ የሚያድረውን አረንጓዴ ዝቃጭ እየጋጠ ያድጋል። ከዚያ በኋላ እግር ያወጣል፤ ስንጥቡ ጠፍቶ በሳንባ ይተካል፤ ጅራቱም ቀስ በቀስ ወደ ሰውነቱ ይገባል። በመጨረሻ አውራ ጣት የማታክል እንቁራሪት ሆኖ ወደ የብስ ይወጣል።

ይህ ለውጥ እንደ እንስሳው ዓይነትና እንደ ውኃው ሙቀት ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ይፈጃል። እንደ እኛ ባለ ደጋ አገር ውኃው ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ዕጩ ቶሎ አያድግም። እንግዲህ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ስለ እንቁራሪት የሚጠየቀው ውኃ አለ ወይ ተብሎ ብቻ አይደለም፤ ውኃው ስንት ሳምንት ይቆያል ተብሎም ነው። ሐምሌ ሞልቶ ነሐሴ ሳያልቅ የሚደርቅ ኩሬ እናቲቱን አታልሎ እንቁላል ያስጥላታል፤ ልጆችዋን ግን ለፀሐይ ይሰጣቸዋል። በሌላ በኩል ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅና ዓሣ የሚኖርበት ውኃም ለብዙዎቹ አይስማማቸውም፤ ዓሣው እንቁላሉንም ዕጩንም ይበላልና። የሚመቻቸው ክረምቱን ሞልቶ፣ መስከረምንና ጥቅምትን ተሻግሮ፣ በበጋ የሚጎድል ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው። ይህም ቃል በቃል ጨፌ ማለት ነው።

አዋቂዋ እንቁራሪት ሳንባ ቢኖራትም ሳንባዋ ብቻውን አይበቃትም፤ በቆዳዋም ትተነፍሳለች። ቆዳዋ ዘወትር እርጥብ የሚሆነው ስለዚህ ነው። አየር የሚያስገባ ቆዳ መርዝም ያስገባል፤ በስንዴና በጤፍ ማሳ ላይ የሚረጨው ፀረ አረም ከጎርፍ ጋር ወደ ጨፌ ሲወርድ እንቁራሪትን ከሌላው እንስሳ ቀድሞ ሊጎዳት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ እንቁራሪት መጻፍ ለሚያስቃቸው ጓደኞቼ አንድ ነገር ልጨምርላቸው። በአገራችን ደጋ ኩሬዎች ውስጥ ከውኃ እምብዛም የማይወጣ፣ ምላስ የሌለው፣ በኋላ እግሩ ጣቶች ላይ ጥፍር ያለው አንድ እንቁራሪት ይኖራል፤ ሊቃውንቱ ዜኖፐስ ክሊቪ ብለው ይጠሩታል። የደቡብ አፍሪካው ዘመዱ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ድረስ በአያሌ አገሮች የሴቶችን እርግዝና ለመመርመር ያገለግል ነበር። የእርጉዝ ሴት ሽንት በቆዳዋ ሥር የተወጋች እንቁራሪት ብዙ ሳትቆይ እንቁላል ትጥላለች፤ ምርመራው ይኸው ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ጉርደንም በዚያው እንቁራሪት ላይ ባደረገው ምርምር ምክንያት ከጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ ጋር በ2012 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ስለ ጭላዳ እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ካለ በሚመጣው ዓመት ይጻፍልን።

ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ እስካሁን የታወቁት እንቁራሪት አስተኔዎች ከ60 ዓይነት ይበልጣሉ፤ ከእነዚህም ከሦስት አንድ እጅ የሚበልጡት ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኙም። እነዚህን እንስሳት አገር ላገር እየዞረ በማጥናት ብዙ የደከመው በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ማልኮም ላርገን የተባለ የእንስሳት ሊቅ ነው። ላርገን በ1977 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከገለጻቸው መካከል አንዱ በእኛው በጎጃም ደጋ የሚገኝ እንቁራሪት ሲሆን የኢትዮጵያን አጥቢ እንስሳት ባጠናው በዴሪክ ያልደን ስም ሌፕቶፔሊስ ያልደኒ ተባለ። ወገኑ የዛፍ እንቁራሪት ይባል እንጂ እርሱ የሚኖረው በሣርና በቁጥቋጦ መካከል ነው። የዚህ ወገን እንቁራሪቶች እንቁላላቸውን የሚቀብሩት በውኃ ዳር ባለ እርጥብ አፈር ውስጥ ነው፤ ዕጮቹ ከዚያ ወጥተው ወደ ውኃው ይገባሉ። የውኃው ዳር ከታረሰ ወይም በከብት ኮቴ ከተደቈሰ ውኃው ቢኖርም እንቁላሉ ማደሪያ አያገኝም ማለት ነው።

ሌሎቹ ደግሞ አፍንጫቸው ሾጠጥ ያለ፣ እግራቸው የረዘመ፣ ሣር ውስጥ ስንሄድ ከፊታችን ተስፈንጥረው የሚጠፉት የሣር እንቁራሪቶች ናቸው። እነዚህን ሊቃውንቱ ለብዙ ጊዜ ጥቂት ዓይነት ብቻ አድርገው ሲቈጥሯቸው ኖሩ። በኋላ ግን የዘር ምርመራ ሲደረግ በየተራራውና በየሸለቆው ተለያይተው የኖሩ አያሌ ዓይነቶች መሆናቸው ታወቀ። በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከተሰየሙት አንዱ በአማራ ስም ፕቲካዴና አምሃሬንሲስ ተብሏል። እንቁራሪት ረጅም መንገድ አትጓዝም። ስለዚህ አንድ ተራራ ላይ ያለው ዓይነት ጨፌው ቢጠፋበት ወደ ሌላ ተራራ ተሻግሮ ይድናል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም። በ2023 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት በዓለም ካሉት እንቁራሪት አስተኔዎች ከመቶ 41 የሚሆኑት ለመጥፋት የተቃረቡ መሆናቸውን ገልጿል፤ በባሌ ተራራ የሚኖረውና በላርገን በራሱ ስም የተጠራው ትንሽ ጉርጥም እጅግ ከሚያሠጉት አንዱ ነው።

አሁን ስለ ጨፌው ልናገር። አያቴ የሚኖሩት ከደብረ ማርቆስ ወደ ረቡዕ ገበያ በሚወስደው መንገድ፣ በስናን ወረዳ ነው። ከተማችን በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ የጮቄ ራስ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ የአያቴ ቀዬ በሁለቱ መካከል ባለው ተዳፋት ላይ ነው። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ጄደብና ሌሎችም አያሌ ወንዞች ከጮቄ እየወረዱ ለአባይ ይገብራሉ። ይሁን እንጂ ተራራው ውኃ የሚሰጠው በክረምት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከጥር በኋላ ወንዞቹ ሁሉ ደረቅ አሸዋ በሆኑ ነበር። በበጋ የሚያጠጣን ክረምት የሰረገው ውኃ ነው፤ ጨፌውም የዚያ ውኃ አንዱ ጎተራ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በተዳፋቱ ላይ የዘነበው ዝናብ ከፊሉ በአፈር ውስጥ ሰርጎ በግርጌው ሜዳ ላይ ይወጣል። በዚያ የሚበቅለው ቄጤማና ፊላ ሥሩ እንደ ምንጣፍ ስለሚጠላለፍ ውኃው እንደ ልቡ መሮጥ አይችልም። ሣሩ በየዓመቱ ሲሞት በውኃ ውስጥ አየር ስለሚያጥር ፈጽሞ አይበሰብስም፤ እየተደራረበ ጥቁርና ለስላሳ አፈር ይሆናል። ይህ አፈር እንደ ጥጥ ውኃ ይመጣል፤ ከዚያም ለታችኛው ምንጭ ቀስ እያለ ያካፍላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ምሁር ወልደ አምላክ በውቀት ከአንድ የሆላንድ ተመራማሪ ጋር ሆነው በ2005 ባወጡት ጥናት የጨሞጋን ውኃ ከ1960 እስከ 1999 መርምረው በበጋ ወራት የሚወርደው ውኃ እየቀነሰ መሄዱን አሳይተዋል፤ የበጋው ዝናብ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የሰማዩን ትቼ የምድሩን መመርመር እንደሚገባ ገባኝ።

የአያቴን ጨፌ ያደረቀው ፈሰስ ነው። ለከተማ ልጆች ለማስረዳት፣ ፈሰስ ማለት ገበሬ ትርፍ ውኃ ከማሳው እንዲወጣለት በማረሻ ወይም በዶማ የሚያወጣው ቦይ ነው። በእርሻ ላይ ጥቅሙ የታወቀ ነው፤ ያለ ፈሰስ የጎጃም ክረምት ዘሩን በውኃ ያሰጥመዋል። ነገር ግን ያ ፈሰስ በጨፌ መካከል ሲያልፍ ሌላ ነገር ይሆናል።

«አባባ፣ ይህን ፈሰስ ማን ነው ያወጣው?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«እኔ ነኛ፤ አባትህ የተወለደ ዓመት ነው። አፍ በዛ፣ መሬት አልበዛ» አሉኝ።

«አንቱስ ጨፌው እንደሚደርቅ ያውቁ ነበር?»

«እንዲደርቅ አይደል እንዴ ያወጣሁት! ገብስ በውኃ ላይ ይበቅላል?»

ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት በደረቀው ጥቁር አፈር ላይ የበቀለው ገብስና ድንች በአገሩ ሁሉ የተወራለት ነበር አሉ። በኋላ ግን ውኃው ቀጥ ያለ መንገድ አግኝቶ እየሮጠ፣ ሲሮጥም እየቆፈረ ሄደ። ጉልበት የማይደርስ የነበረው ፈሰስ ሰው የሚውጥ ቦረቦር ሆነ። ቦረቦሩ በጠለቀ መጠን በግራና በቀኝ ያለው ምድር ውኃውን ወደ እርሱ አንጠፍጥፎ ይጨርሳል፤ ስለዚህ መሬቱ ከሚታረሰው ክፍል አልፎ ሁሉም ደረቀ። በራስጌው ደግሞ ባሕር ዛፍ ተተከለ። ባሕር ዛፍ ለቤትና ለማገዶ ባለውለታችን መሆኑን አልክድም፤ ጨፌ ራስ ላይ ቆሞ ግን ሥሩን ሰድዶ የጎተራውን ውኃ ይጠጣል። ቄጤማው ከጠፋ በኋላ ከብት ገባበት። ከጨፌው በታች ያለው ምንጭም በመጋቢት እየደረቀ አክስቴ ቢጫ ጀሪካንዋን አዝላ አንድ ሰዓት ያህል የምትሄድበት ዘመን መጣ።

አሁን ደግሞ የራሳችንን ስሕተት ልናዘዝ። ከሦስት ክረምት በፊት ጓደኞቼና እኔ የተራቈተውን ጨፌ እናለማለን ብለን የባሕር ዛፍና የሌላም ዛፍ ችግኝ በጆንያ ተሸክመን ሄድን። መምህራችንም አብረውን ነበሩ። አያቴ በትራቸውን ተመርኩዘው ችግኙን ከተመለከቱ በኋላ «የመጣችሁት ውኃውን ልትመልሱት ነው ወይስ የቀረውን ልትጠጡት?» አሉን። እኛም እየሳቅን ተከልን። ከችግኙ ከፊሉ ክረምቱን በውኃ በስብሶ ጠፋ፤ ከፊሉን ከብት በላው፤ የተረፈውን በማግሥቱ ዓመት እኛው ራሳችን ነቀልነው። የተራቈተ መሬት ሁሉ ዛፍ ይፈልጋል ብሎ ማሰብ የብዙ ሰው ስሕተት ስለ ሆነ ብቻችንን አላፈርንም። ጨፌ የጎደለው ዛፍ አልነበረም፤ ውኃው ቆም የሚልበት ጊዜ ነበር።

መምህራችን መጽሐፍ ካነበቡና የወረዳውን የግብርና ባለሙያ ካማከሩ በኋላ ሥራው ከየት መጀመር እንዳለበት አወቅን። በጥር ወር፣ የአገሩ ሰው ለተፋሰስ ሥራ በሚወጣበት ጊዜ፣ ሽማግሌዎቹን አስፈቅደን በቦረቦሩ ውስጥ ክትር መሥራት ጀመርን። ክትር ማለት በቦረቦሩ ላይ ተጋድሞ የሚደረደር የድንጋይ ግድግዳ ነው። አንድ ረጅም ግድግዳ ከመሥራት ይልቅ አጫጭሮቹን በደረጃ በደረጃ መደርደር ይሻላል፤ የላይኛው ክትር እግር የታችኛው ክትር ራስ በሚደርስበት ልክ ሲሆን ውኃው ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይዘል ይወርዳል፤ ደለሉንም ከኋላው ያስቀራል። ደለሉ ከፍ ሲል የቦረቦሩ ወለል ከፍ ይላል፤ ውኃውም ወደ ጎን ወጥቶ በቀድሞው ሜዳ ላይ ይተኛል። በመጀመሪያው ዓመት ከክትሮቻችን ሁለቱን የሐምሌ ጎርፍ ወሰዳቸው። ጫፎቻቸውን ወደ ዳርና ዳሩ አፈር ቆፍረን ማስገባት ሲገባን ዝም ብለን አስጠግተናቸው ነበርና ውኃው በጎን በኩል አልፎ ገለበጣቸው። ከእኛ በኋላ የሚሠራ ሰው ይህን አይርሳ።

ከዚህም በቀር በሜዳው ላይ ያሉትን ጎድጓዳ ስፍራዎች አልደለደልንም። ለዓይን ያስጠላሉ፤ ነገር ግን ክረምቱን ሞልተው በበጋ የሚጎድሉት የእንቁራሪት ማሳደጊያዎች እነርሱ ናቸው። ኩሬ ቆፍረን ዓሣ እንጨምርበት ያለ ጓደኛችንም ነበር፤ ከላይ በተናገርሁት ምክንያት አልተቀበልነውም።

ከድንጋዩ የከበደው የሰዉ ጉዳይ ነው። ውኃው መተኛት ሲጀምር የአንዲት ባልቴት ጎረቤታችን የድንች መደብ ረሰረሰ። እርሳቸውም በሽማግሌ ፊት ቆመው «እንቁራሪት ትጮህ ተብሎ ልጆቼ ጦም ይደሩ?» አሉ። እኔ በዚያ ቦታ ሆኜ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም ቢሆን የተናገሩት ስሕተት ነው ብዬ አላስብም። ከብዙ ክርክር በኋላ አያቴ ከላይኛው ማሳቸው ግማሽ ጥማድ ያህል ለባልቴቲቱ ለድንች እንዲሆናቸው ለቀቁላቸው። አጎቴ ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ ድረስ ከአያቴ ጋር በሙሉ አፉ አይነጋገርም። ጨፌው ከከብት እንዲከለከልና ሣሩ እየታጨደ በየቤቱ እንዲካፈል ተስማሙ፤ ባልቴቲቱም ሁለት ድርሻ እንዲያገኙ ተወሰነ። የበግ ባለቤቶች አስቀድመው ጨፌ የጉበት ትል ያመጣል ብለው ተቃውመው ነበር። ተቃውሞአቸው እውነት አለው፤ ትሉ የሚያድገው በረግረግ በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ነውና። በጉ ወደ ረግረጉ ካልገባና ሣሩ ታጭዶ በደንብ ከደረቀ በኋላ ከተሰጠው ግን ጉዳቱ እጅግ ይቀንሳል። (በኢትዮጵያ ደጋ ቀንድ አውጣ የሚበሉ እንቁራሪቶች መኖራቸውን ለአያቴ ስነግራቸው «እንግዲያስ እነርሱን ቶሎ ጥራልን» ብለውኛል።) ወባንም ያነሣ ወላጅ ነበር፤ ይህ በቆላ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ በአያቴ አገር ከፍታ ግን ብርዱ ለወባ አይመችም።

የእኛ ሥራ ትንሽ ስለ ሆነ ሌሎች ካደረጉት ጋር ማስተያየት ይገባል። በኢሉባቦር ያሉ ገበሬዎች ረግረጋቸውን ለረጅም ዘመን እያረሱ ኖረዋል፤ ነገር ግን ጠንቃቆቹ የረግረጉን ራስና መውጫ ሳያርሱ ይተዋሉ፤ ቦዩ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትንም ጊዜ አባ ላጋ የሚባል የመረጡት ሰው እየተከታተለ ያስተባብራል። ከዚህ የምረዳው ማረስና ማቆየት ሁልጊዜ ጠላቶች እንዳልሆኑ ነው። በስዊስ አገር ደግሞ አርጋው የሚባል ክፍለ ሀገር አለ፤ ስሙ የእኛን አገር ሰው ስም ይመስላል። ይህ ክፍለ ሀገር ረግረጉን አብዛኛውን አጥቶ እንቁራሪቶቹ እየተመናመኑ ስለ ሄዱበት በ20 ዓመታት ውስጥ 422 ኩሬዎች አሠራ። በ2022 በወጣው ጥናት እንደተገለጸው ከእንቁራሪት አስተኔዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መንጋዎች በዙ፤ በአንደኛው ሸለቆ አንድ የዛፍ እንቁራሪት የሚገኝባቸው ስፍራዎች በአራት እጥፍ አደጉ። እዚያም ቢሆን ከመንገድና ከመድኃኒት የተነሣ የሚደርሰው ችግር አልቀረም፤ ውኃው በብዙ ስፍራ በመመለሱ ብቻ ያን ያህል ለውጥ መገኘቱ እጅግ አስደንቆኛል።

የእኛን ጨፌ ሥራ የሚመረምርልን ኢንስፔክተር እንቁራሪት ራስዋ ናት። መምህራችን እንዳስተማሩን ከመሸ በኋላ በተመደበ ስፍራ ጸጥ ብለን ቆመን የሰማነውን ድምፅ በደብተር እንጽፋለን፤ ቀን ደግሞ እንቁላል እንፈልጋለን። የሣር እንቁራሪት እንቁላል በውኃው ፊት ላይ ጥቁር ነጥብ ያለበት ስስ ሽፋን መስሎ ይንሳፈፋል። በመጀመሪያው ክረምት ሐምሌ ላይ አግኝተን በጣም ደስ አለን። ክትሮቹ ከፈረሱ በኋላ ግን ውኃው በመስከረም ሸሸ፤ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ስሄድ ዕጮቹ በተሰነጠቀ ጭቃ ውስጥ ደርቀው አየኋቸው። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ሥራው ሁሉ ከንቱ መሰለኝ። በሁለተኛው ዓመት ክትሮቹ እንደ ገና በደንብ ተሠርተው ስለ ነበር ውኃው እስከ ኅዳር ሚካኤል ድረስ ቆየ፤ ባለ እግር ትንንሾቹም ወደ ሣሩ ሲወጡ አየን። ምንጩም እንደ ወትሮው በመጋቢት መግቢያ ሳይደርቅ እስከ ሚያዝያ ድረስ ዘለቀ። የዚያ ዓመት ዝናብ ጥሩ ስለ ነበር ምስጋናውን ሁሉ ለክትራችን መስጠት አይገባም፤ አክስቴ ግን ለክትሩ ሰጥታዋለች።

ያልደኒን ገና አልሰማንም። ከሌላ ስፍራ ይዘን እናምጣ የሚል አሳብ በመካከላችን ተነሥቶ ነበር። መምህራችን አጥብቀው ከለከሉን፤ ምክንያታቸውም ኪትሪድ የሚባል የፈንገስ በሽታ ነው። ይህ ፈንገስ የእንቁራሪትን ቆዳ ያጠቃል፤ በዓለም ላይ አያሌ ዓይነቶችን ፈጽሞ አጥፍቷል፤ በአገራችን እንቁራሪቶችም ላይ መገኘቱ በምርመራ ታውቋል። እንቁራሪት ከኩሬ ወደ ኩሬ የሚያጓጉዝ ሰው በሽታውንም አብሮ ሊያጓጉዝ ይችላል። በጭቃ የተበከለ ጫማ እንኳ ታጥቦና ደርቆ ነው ወደ ሌላ ጨፌ መግባት ያለበት። ስለዚህ ስፍራውን አዘጋጅቶ መጠበቅ እንጂ እንግዳውን በእጅ ጎትቶ ማምጣት አይገባም። ከእኛ ጨፌ በላይ በቅርብ ርቀት ያልታረሰ አንድ ቄጤማማ ስፍራ አለ፤ ተስፋችን ከዚያ በጅረቱ ዳር ዳር እያሉ እንዲወርዱ ነው። የጅረቱን ዳር ግራና ቀኝ ጥቂት እርምጃ ሳናርስ እንተው ብለን ለሽማግሌዎቹ አመልክተናል፤ ገና አልተወሰነም። በራስጌ ያለው ባሕር ዛፍም የአጎቴ ስለ ሆነ ስለ እርሱ ለጊዜው ማንም አያነሣም።

በዘንድሮው ሰኔ ፈተና ላይ ሳለሁ ማታ አያቴ በስልክ ጠሩኝ። ደኅና መሆኔን እንኳ ሳይጠይቁ «እነዚያ ጓደኞችህ መጥተዋል፤ እንቅልፍ ነሱን» አሉና ስልኩን ወደ ጨፌው አዞሩት። የሣር እንቁራሪቶቹን ወዲያው ለየኋቸው። ከእነርሱ ኋላ ረጋ ብሎ እየቆየ የሚሰማ ሌላ ድምፅ ነበረ፤ ምን እንደ ሆነ ግን ከዝናቡ ጩኸት የተነሣ በስልክ መለየት አልቻልሁም። ፈተናው ሐሙስ ያልቃል። ዓርብ ጠዋት ባትሪና ደብተር ይዤ ወደ ረቡዕ ገበያ በሚሄደው መኪና እወጣለሁ።